የድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕና የዛሬው ኢንዱስትሪ ፓርክ፤ ስለ ምህንድስና ተማሪዎች የሥራ ላይ ትምህርት የቀረበ ታሪካዊ ጥናት

የምህንድስና ተማሪ ትምህርቱን ከመፈጸሙ በፊት ወደ ፋብሪካ ሄዶ ለጥቂት ወራት ሠርቶ እንዲመለስ በየኮሌጁ ከተደነገገ ዓመታት አልፈዋል። ይህ ድንጋጌ ምን ያህል እንደ ጠቀመን እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ ግን መልሳችን አንድ አይሆንም። አንዱ «በእነዚያ ወራት የተማርኩትን በአምስት ዓመት ውስጥ በክፍል አልተማርኩትም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ ከመመለስ በቀር ያተረፈው ነገር እንደሌለ ይናገራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ ለማወቅ የዛሬውን ብቻ ከመመልከት ይልቅ፣ እንዲህ ያለው ትምህርት በአገራችን ለረዥም ዘመን ሲሠራበት ወደ ኖረበት ቦታ መመለስ የሚሻል መስሎ ታየኝ። ቦታውም ድሬዳዋ ነው።

እኔ ራሴም ወደ ሥራ ልምምድ የተላክሁት ወደዚያችው ከተማ፣ በመልካ ጀብዱ በኩል ወደ ተሠራው ኢንዱስትሪ ፓርክ ነበር። በዕረፍት ቀኔ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር እየሄድኩ አሮጌውን የባቡር ጣቢያና ወርክሾፑን ለማየት ችያለሁ። በፓርኩ ውስጥ ያጋጠመኝን ነገር በትክክል የተረዳሁት ወርክሾፑን ካየሁ በኋላ ስለሆነ፣ ጽሑፌም ይህንኑ መንገድ ይከተላል።

እንደሚታወቀው አጤ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያስችለውን ፈቃድ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በመጋቢት ወር 1886 ዓ. ም. ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሼፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያውን አቋቋመና ሥራው በ1890 ዓ. ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በመጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር። ነገር ግን ባቡር ወደ ሐረር ተራራ እንዲወጣ ማድረግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ መሥመሩ ከተራራው ግርጌ በሜዳው እንዲያልፍ ተወሰነ። ባቡሩ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ. ም. ከሜዳው ሲደርስ፣ በደቻቱ ወንዝ አጠገብ የተቈረቈረችው ከተማ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም።

ከዚህ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና በ1899 ዓ. ም. ከሰረ። በጥር ወር 1900 ዓ. ም. አዲስ ውል እስኪደረግ፣ ከዚያም በኋላ ሥራው እንደገና እስኪንቀሳቀስ ድረስ፣ የሐዲዱ መጨረሻ ድሬዳዋ ሆና ቈየች። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ. ም. ነው። ይህ መዘግየት ለአገሪቱ ጉዳት ቢሆንም ለድሬዳዋ ግን ሀብት ሆነላት። የሚጫነውና የሚራገፈው ሁሉ በእርሷ ዘንድ ይቆም ስለ ነበረ፣ ሎኮሞቲቮቹም የሚጠገኑት በዚያው ሆነ። መሥመሩ አዲስ አበባ ከገባም በኋላ ከባሕሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከዋናው ከተማ ደግሞ 470 ኪሎ ሜትር ያህል ተለይታ በመካከል ላይ በመገኘቷ፣ ዋናው የጥገና ወርክሾፕ ከእርሷ ሊነሣ አልቻለም።

ወርክሾፑ ምን ይሠራ እንደ ነበር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። በእንፋሎት የሚሠራ ሎኮሞቲቭ ውሃ እያፈላ የሚሄድ ትልቅ ማሰሮ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። ውሃው ጨውና ኖራ የበዛበት ከሆነ ቅርፊት እየሠራ በማሰሮው ቱቦዎች ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀቱን ከውሃው ስለሚከለክል ብረቱ ያለ ልክ ይግላል፤ በመጨረሻም ይቀደዳል። ስለዚህ ማሰሮው በየጊዜው ሊታጠብ፣ ቱቦዎቹ ሊወጡና ሊለወጡ ይገባል። ጎማዎቹ ከሐዲዱ ጋር ሲፋጩ ቅርጻቸው ስለሚበላሽ በቶርኖ ይላጋሉ። የሚላላው ቡሎን፣ የሚያልቀው ኩሽኔታ፣ የሚሰበረው የፉርጎ ማያያዣ ስፍር ቍጥር የለውም። መለዋወጫው ከፈረንሳይ በመርከብ እስኪመጣ ወራት ይፈጃልና፣ በእጅ ሊሠራ የሚችለው ሁሉ እዚያው በወርክሾፑ ይሠራ ነበር። ከጣሪያው ሥር በተዘረጋ ዘንግ ላይ በቺንጊያ እየተጠመዱ ይዞሩ ከነበሩት አሮጌ መኪናዎች ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ በቦታቸው ቆመው ይታያሉ። ያየኋቸው ዕለት ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የእጀታቸው ነገር ነው። ብረቱ በሰው መዳፍ ብዛት ለስልሶ እንደ ብር ያበራል።

በዚያ ቤት ውስጥ የሚካሄደው ትምህርት የክፍል ቍጥርም ሆነ የምስክር ወረቀት አልነበረውም። ብዙ ጊዜ የሚገባው የሠራተኛው ልጅ ነው። በመጀመሪያ ይጠርጋል፤ ዘይት ያቀብላል፤ መሣሪያ በስሙ ሲጠራለት ለይቶ ማምጣት ይለምዳል። ቀጥሎ ሞረድ ይሰጠውና አንድ ብረት አራት ማዕዘን እስኪሆን ድረስ እንዲሞርድ ይታዘዛል። ካቦው ብረቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ በማዕዘን መለኪያው አጠገብ ያስጠጋና፣ በመካከል ብርሃን ካለፈ አንድም ቃል ሳይናገር ይመልስለታል። እንዲህ ያለው ልምምድ በማንኛውም አገር የብረት ሠራተኛ የሚያልፍበት ነው። በድሬዳዋ ልዩ የሚያደርገው ግን የተለማማጁ ሥራ ቶሎ ብሎ ከባድ ኀላፊነት የሚያስከትል መሆኑ ነው። እርሱ ያጠበቀው ቡሎን በማግስቱ ሰው ጭኖ ወደ አዋሽ በረሃ ይወርዳል። ባቡሩ በመንገድ ቢቆም ማን እንደ ሠራው ይታወቃል፤ ተሳፋሪውም ምናልባት የጎረቤቱ ሰው ነው።

የዚህ ትምህርት ምስክር ዛሬ በአፋችን ላይ ይገኛል። ለገሃር የምንለው የባቡር ጣቢያ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ፉርጎም፣ ፍሬንም እንዲሁ። በኋላ ኢጣሊያኖች ሲመጡ ቶርኖን፣ ሞርሳን፣ ካቻቪቴን፣ ቺንጊያን፣ ላሜራንና ኩሽኔታን አመጡልን። ሐዲድ ደግሞ ከዐረብኛ የተገኘ ቃል ነው። አንድ የድሬዳዋ መካኒክ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ሲናገር የመሣሪያዎቹን ስም ግን በእነዚህ ቃላት ይጠራል። ቃላቱ በመጽሐፍ አልመጡም፤ በሥራ ላይ ከጆሮ ወደ አፍ የተሻገሩ ናቸው። ጥያቄው ግን እዚህ ላይ ነው። የመሣሪያው ስም ሲሻገር የስሌቱ ስም አልተሻገረም። ሞርሳ የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ የብረትን የመሸከም ዐቅም የሚገልጸው ቃል ግን ከወርክሾፑ በር ውጭ ቀረ።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። በወርክሾፑ ላይኛ ክፍል የንድፍ ቢሮ አለ። ስሌቱና ንድፉ የሚሠራው በዚያ ሲሆን፣ ቢሮው የኩባንያው የውጭ አገር መሐንዲሶች ሥልጣን ነበር። ኢትዮጵያዊው ተለማማጅ ንድፉን አንብቦ ብረቱን መቍረጥ ይማራል፤ ንድፉ ስለ ምን እንዲህ እንደ ተነደፈ ግን የሚነግረው የለም። በኅዳር ወር 1952 ዓ. ም. ኢትዮጵያና ፈረንሳይ ባደረጉት ውል ኩባንያው የእኩል ሆኖ ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ያን ጊዜ በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች የእንፋሎቶቹን ቦታ ወስደው ነበር። ለአዲሱ ሞተር የድሬዳዋ ባለሙያ እጁን በቶሎ አስለመደ። ይህ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። በ1969 ዓ. ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ መሥመሩ ተቈርጦ፣ ድልድዮች ፈርሰው፣ ከተማይቱም ተጠቅታ ሳለ፣ ሐዲዱን አድሰው ባቡሩን ወደ ሥራ የመለሱት እነዚሁ ሠራተኞች ናቸው። በ1973 ዓ. ም. ድርጅቱ የጅቡቲና የኢትዮጵያ የጋራ ንብረት ሆነ። ከዚያም በኋላ አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች ከዕድሜያቸው በላይ የሄዱት በእነርሱ ብልሃት ነው። ይሁን እንጂ ብልሃት ያለውን ማቈየት እንጂ የሌለውን መንደፍ አልቻለም። የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ፣ በውስጡ የተነደፈ አንድ ሎኮሞቲቭ የለም። የዚህ ጥፋት የሠራተኛው አይደለም።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንለፍ። ወርክሾፑ ያለ ትምህርት ቤት ሲኖር፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ትምህርት ቤት ያለ ወርክሾፕ መጣ ብል ብዙ የተጋነነ አይሆንም። እርግጥ ነው፣ በ1934 ዓ. ም. የተከፈተው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት እጅን የሚያሠራ ነበር። በ1955 ዓ. ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም ተማሪውን በመኪና ላይ ያቆም ነበር። በ1945 ዓ. ም. በተመሠረተው የምህንድስና ኮሌጅና ከእርሱ በወጡት ትምህርት ቤቶች ግን የክብሩ ቦታ የጥቍር ሰሌዳው ነው። ከ1957 ዓ. ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በአገር ውስጥ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር። ያ አገልግሎት ከሕዝብ ጋር ያስተዋወቀ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን አብዛኛዎቹ የተመደቡት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርነት ስለ ነበረ ለምህንድስና ሙያ የሚጠበቀውን ጥቅም አልሰጠም። አንዳንድ ጊዜ ሳስበው፣ ከእነዚያ ተማሪዎች ሃያ ያህሉ እንኳ በየዓመቱ ወደ ድሬዳዋ ወርክሾፕ ቢላኩ ኖሮ፣ በንድፍ ቢሮውና በሞርሳው መካከል የነበረው ደረጃ በአንድ ትውልድ ይወጣ ነበር እላለሁ። ማን ያውቃል፤ ኩባንያው ባልተቀበላቸውም ነበር ይሆናል።

ይህ የሁለት ወገን ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ፣ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ኸርማን ሽናይደር የተባለ መምህር ተማሪዎቹ ስሌቱን እያወቁ ፋብሪካ ሲገቡ እንደሚደናገሩ ተመለከተ። በፋብሪካ የሚገኙትን ነገሮች ሁሉ በኮሌጅ ውስጥ ልሥራ ማለትም ገንዘብን ማባከን መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1906 በ27 ተማሪዎች አዲስ አሠራር ጀመረ። ያን ጊዜ ባቡር ድሬዳዋ ከገባ ገና አራት ዓመት ያህል ብቻ ሆኖ ነበር። የሽናይደር ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ለአንድ የፋብሪካ ሥራ መደባቸው። አንደኛው በፋብሪካ ሲሠራ ሁለተኛው በክፍል ይማራል፤ ጊዜው ሲደርስ ይለዋወጣሉ። ፋብሪካው ሥራውን የሚሠራለት ሰው አያጣም፤ ተማሪውም ደመወዝ ያገኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተማሪው በፋብሪካ የገጠመውን ጥያቄ ሳይቀዘቅዝ ወደ ክፍል ያመጣዋል። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ እ. ኤ. አ. በ1957 ሲመሠረት የምህንድስና ትምህርቱን በሙሉ በዚሁ መንገድ አቆመው፤ ዛሬም የሚታወቀው በዚህ ነው።

በአገራችን የሥራ ላይ ልምምድ በምህንድስና ሥርዐተ ትምህርት ውስጥ የጸና ቦታ ያገኘው ዘግይቶ ነው። በ1998 ዓ. ም. ከጀርመን መንግሥት ጋር በተጀመረው የምህንድስና ዐቅም ግንባታ ፕሮግራም ምክንያት ትምህርቱ ሲሻሻል፣ ተማሪው አንድ መንፈቀ ዓመት በኢንዱስትሪ እንዲያሳልፍ ተደረገ። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም የተከፈተው በ1999 ዓ. ም. በመሆኑ በዚሁ መንፈስ ውስጥ አድጓል ማለት ይቻላል። ዐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከሽናይደር ዘዴ ጋር ሲተያይ አንድ ትልቅ ልዩነት አለው። የእኛ ተማሪ አንድ ጊዜ ብቻ ይሄዳል። ፋብሪካው ሥራውን ለምዶ ሊጠቅመኝ ነው ሲል ተማሪው ይሰናበታል፤ ተማሪውም ጥያቄውን ይዞ ሲመለስ ለጥያቄው የሚሆነው ትምህርት አብዛኛው አልፎታል።

የራሴን ነገር ላውጋ። በፓርኩ ውስጥ የተመደብሁበትን ፋብሪካ ስም መጥቀስ አያስፈልገኝም። መጀመሪያ ስድስት ሳምንት ያህል የሠራሁት በቢሮ ተቀምጬ የጥገና ቅጾችን በኮምፒውተር መገልበጥ ነበር። በቅጾቹ ላይ የአንድ የአየር ኮምፕሬሰር ሞተር እኩለ ቀን ሲሆን እየጠፋ፣ ማታ ሲቀዘቅዝ እንደሚነሣ ደጋግሞ ተጽፏል። እኔም ይህንኑ ደጋግሜ ገለበጥሁ። ምንም ነገር አልመሰለኝም፤ የማፍርበትም ይኸው ነው። አንድ ቀን ቅጹን ያመጣው አንድ ዕድሜው የገፋ መካኒክ «ሞተሩን አይተኸው ታውቃለህ?» አለኝ። አላየሁትም አልሁ። «ታዲያ ስለ ማን ነው የምትጽፈው?» ብሎኝ እየሣቀ ይዞኝ ወጣ።

ይህ ሰው አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረ፣ እርሱም በወጣትነቱ በወርክሾፑ ሞረድ የያዘ ነው። እኔ ያደግሁት በአዲስ አበባ ስለሆነ «ጋሼ፣ እርስዎ» እያልሁ ሳናግረው አልወደደውም። «እዚህ ድሬ ነው፤ አንተ በለኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ አንተ አልሁት፤ አፌ እስኪለምድ ግን ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ሞተሩ የሚገኘው በላሜራ በተከደነች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። መካኒኩ እጁን ወደ ሞተሩ ማራገቢያ አስጠግቶ «ይኸ ሞተር የሚተነፍሰው የራሱን ትንፋሽ ነው» አለኝ። ይህን ለአለቆቹ እንደ ነገራቸው፣ እነርሱ ግን ሞተሩ በአምራቹ የተጻፈለትን ኀይል አላለፈም ብለው እንደ መለሱለት ነገረኝ። እኔ ደግሞ በክፍል የተማርሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በሞተር ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የሚጻፈው ኀይል፣ የአካባቢው አየር ከ40 ዲግሪ ሳይሞቅ፣ ቦታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር ሳያልፍ ለሚሠራ ሞተር ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ኀይሉ ሊቀነስለት ይገባል፤ ምክንያቱም ከፍ ባለ ቦታ የሳሳ አየር ሙቀትን አጥቦ የመውሰድ ዐቅሙ ያንሳል። ድሬዳዋ ቈላ ስለሆነች ዝቅ ያለች ትመስላለች እንጂ ከ1000 ሜትር በላይ ናት። የክፍሏን ሙቀት በየሰዓቱ ለዐሥር ቀን ለካሁ፤ እኩለ ቀን ላይ በየቀኑ ከ40 አልፎ ተገኘ። መካኒኩ የሚያውቀውን እኔ በቍጥር ጻፍሁት ማለት ነው። ሁለታችን ሆነን የሞቀውን አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ የላሜራ ቱቦ ነደፍን፤ እርሱ ቈርጦ በየደው፣ እኔም ያዝሁለት። ሞተሩ ከዚያ በኋላ እኔ እስክሄድ ድረስ ቀን አልጠፋም።

ነገሩ ትንሽ ነው፤ ለአንድ መሐንዲስ የሚያኰራ አይደለም። እኔ ግን በዚያች ክፍል ውስጥ የምድር ባቡሩን ወርክሾፕና የንድፍ ቢሮውን ታሪክ በአጭሩ ያየሁ መሰለኝ። መካኒኩ ትክክለኛውን ነገር ያውቅ ነበር፤ ቋንቋው ግን ለአለቆቹ አልገባም። እኔ ቋንቋው ነበረኝ፤ ስለ ምን እንደምናገርበት ግን አላውቅም ነበር። እርሱ ጎትቶ ባያወጣኝ ኖሮ ስድስቱ ወር በቅጽ ግልበጣ አልቆ ማኅተሙን እቀበል ነበር።

አሁን ስለ ፓርኩ ራሱ ጥቂት ልናገር። የሠራው የቻይና ሲቪል ምህንድስና ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን ነው። ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ ያለውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር የዘረጋውም እርሱ ነው። ስለዚህ በ1895 ዓ. ም. እንደ ሆነው ሁሉ፣ በዚህም ዘመን ሐዲዱና ፋብሪካው ተከታትለው መጡ። ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ. ም. ቦታው የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጣና ሆኖ ተመረቀ። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ በዚህ አልተጀመረም፤ የጥጥ ፋብሪካውና የሲሚንቶ ፋብሪካው መነሻቸው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው። ነገር ግን ብዙ ዐይነት ፋብሪካ በአንድ አጥር ውስጥ፣ ከአንድ የቴክኖሎጂ ኢንስቲቲዩት አጠገብ ሲገኝ ለከተማይቱ አዲስ ነገር ነው። ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ምቹ ቦታ በአገራችን በብዙ አይገኝም።

የፋብሪካ ባለቤቶች ተማሪ ለመቀበል የሚያቀርቡትን ተቃውሞ ሰምቻለሁ፤ ከንቱ ነው ብዬ ለማለፍም አልደፍርም። ተማሪው አደጋ ቢደርስበት ማን ይጠየቃል? መኪና ቢሰብርስ? ከሁሉ የሚጸናው ግን «ሊለምድ ሲል ይሄዳል» የሚለው ነው። ተማሪዎችም በበኩላቸው የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ገንዘብ እንደሚያሳስባቸው ይናገራሉ። ቤተ ሰቡ ችግረኛ የሆነ ልጅ ለልምምድ የሚመርጠው ፋብሪካ ጥሩ የሚያስተምረውን ሳይሆን ለዘመዱ ቤት የሚቀርበውን ነው። እኔ የማየው መፍትሔ የሽናይደርን ዘዴ እንዳለ መውሰድ ነው። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ለፓርኩ የቀረበ ስለሆነ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ሥራ ላይ እየተለዋወጡ፣ ከሦስተኛው ዓመት ጀምረው እስከ መጨረሻው ወደዚያው ፋብሪካ ሊመላለሱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ፋብሪካው ሥራ የለመደ ሰው ስለሚያገኝ ጥቂት ደመወዝ ቢከፍል አይጎዳም፤ ደመወዝ የተቀበለ ተማሪም ቅጽ ሲገለብጥ አይውልም፤ ከፋዩ ይህን አይፈቅድምና። ለአዲስ አበባና ለባሕር ዳር ተማሪ ይህ ዘዴ አይመችም፤ እነርሱ በየአካባቢያቸው ያለውን መፈለግ አለባቸው።

የአዲሱ ባቡርም ሁኔታ ለዚህ አሳብ ድጋፍ ይሰጠኛል። መሥመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ. ም. ተመርቆ፣ በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ. ም. የንግድ አገልግሎት ሲጀምር የሚያስኬዱት ቻይናውያን ነበሩ። ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ሠራተኞች ከእነርሱ ጋር ለዓመታት ጎን ለጎን እየሠሩ ቈይተው በ2016 ዓ. ም. ሥራውን ተረክበዋል። ለአሮጌው ባቡር እንዲህ ያለው ርክክብ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ፈጅቶበት ነበር። ፍጥነቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ዳሩ ግን የተረከብነው ማስኬዱንና መጠገኑን ነው፤ ንድፉ አሁንም በላይኛው ክፍል ነው። ለዚህም ነው በጥገናው ቦታ ከሠራተኛው ጋር የምህንድስና ተማሪ እንዲኖር አጥብቄ የምፈልገው።

ለልምምድ የሚሰጠን የሪፖርት ቅጽ ብዙ ገጽ አለው። የፋብሪካውን ታሪክ፣ የአስተዳደሩን አቋም፣ የምርቱን ዐይነት ይጠይቃል። ተማሪው በኀላፊነት የተሰጠው ሥራ ምን እንደ ነበረ፣ አብሮት የቆመው ባለሙያ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ መሥመር ግን እኔ በሞላሁት ቅጽ ላይ አላገኘሁም። እኔ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ በእጄ ጻፍሁት።

ከድሬዳዋ ከመነሣቴ በፊት መካኒኩን ልሰናበተው ሄጄ ነበር። ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ብልክ ይቀበል እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ቺንጊያ እያጠበቀ ስለ ነበረ ቀና ሳይል «ሁለት ላክልኝ» አለ። ጥቂት ዝም ብሎ ደግሞ «የግንቦትንና የሰኔን ሙቀት ሳያዩ የሚሄዱ ከሆነ ግን አትላካቸው» አለኝ።